«ያገር ልጅ» ተብሎ የሚቀር ዋጋ

የደሴ ሰዎች ሆይ፣ ከሸዋ በር እስከ ሮቢት፣ ከፒያሳ እስከ ሆጤ ቤት የምታከራዩ፣ ልጅ የምትድሩ፣ ሱቅ የከፈታችሁና በአንድ ቅሬ፣ ማለት በአንድ እድር፣ የምንቀመጥ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምወቅሳችሁ በጎረቤቶቻችን ነገር ነው። ጎረቤቶች የምላቸው በየግቢያችን ጓሮ አንዲት ክፍል ይዘው ማሲንቆ የሚገዘግዙትን፣ ክራር የሚደረድሩትን፣ ሸራ ወጥረው የሚሥሉትን ነው። እነዚህን ሰዎች አንጠላቸውም፤ ቡና ሲፈላ እንጠራቸዋለን፣ ሲታመሙ እንጠይቃቸዋለን። በደላችን የሚጀምረው የሥራቸውን ዋጋ ሲጠይቁን ነው፤ ያን ጊዜ «ያገር ልጅ አይደለህ እንዴ?» እንላለን፣ በዚህች ቃል አፋቸውን አስይዘን የሚገባቸውን ገንዘብ ኪሳችን ውስጥ እናስቀራለን።

ስለ ቅኝት ሲወራ ከእኛ የሚቀድም የለም። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በእኛው አገር ስም ይጠራሉ፤ ትዝታንና አንቺ ሆዬንም ቢሆን ለሌላ አሳልፈን አንሰጥም። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም በእንግዳ ፊት ደረታችንን እንነፋለን፣ በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ምን ያህል ስም እንደነበረው ለልጆቻችን እንተርካለን። ይሁን እንጂ ቅኝት እንደ ጦሳ ተራራ ማንም ሳይነካው ከከተማው በላይ ቆሞ የሚኖር ነገር አይደለም። ማሲንቆ ያላት ከፈረስ ጭራ የተበጀች አንዲት ክር ናት፤ ከዚያች አንዲት ክር አራቱንም ቅኝት አጥርቶ ለማውጣት ጣት ለዓመታት መሠልጠን አለበት፣ ለዚህም በየቀኑ የሚለማመዱበት ሰዓትና ክፍል ያስፈልጋል፣ ሰዓቱም ክፍሉም የሚገኙት በገንዘብ ነው። እኛ የምንኮራበትን ቅኝት በሕይወት ያቆየው፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አጠገብ በሩን ዘግቶ ሲለማመድ «ይሄ ልጅ ሥራ የለውም ወይ?» ያልነው ሰው ነው።

የሠርጉን ነገር ላንሣ። ጥር ሲገባ ድንኳን ይተከላል፣ ሰንጋ ይገዛል። የሰንጋ ነጋዴውን «ያገሬ ሰው ነህና ግማሹን ተውልኝ» ያለ የሙሽራ አባት እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ድንኳንና ወንበር አከራዩም ቀብዱን ቀድሞ ይቀበላል። ማሲንቆ ተጫዋቹ ግን «መጥተህ ሞቅ ሞቅ አድርግልን፣ አናሳፍርህም» ተብሎ ይጠራል፣ ዋጋ አይቆረጥለትም። ከምሳ እስከ ምሽት ቆሞ፣ የሙሽራውንና የሙሽሪትን ወገን በየስማቸው እያነሣ፣ ግጥሙን እዚያው እየፈጠረ ሲያጫውት ይውላል። አንዱ አጎት ይነሣና ቪዲዮ ቀራጩ ወደ እርሱ መዞሩን ካረጋገጠ በኋላ መቶ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፤ እልል ይባላል። ማታ ድንኳኑ መፍረስ ሲጀምር ባለ ማሲንቆው ሒሳቡን ቢጠይቅ «ስትሸለም ውለህ የለም እንዴ!» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ወገኖቼ፣ ሽልማት የሰጪው ደስታ ነው፣ ደስ ያላለው ይተወዋል፤ ክፍያ ግን የላብ ዋጋ ስለሆነ የጠራ ሁሉ ሊከፍለው ይገባል። (ሽልማት ይቅር ማለቴ አይደለም። እኔም ጥሩ ግጥም በስሜ ሲወርድ እጄን ከኪሴ መመለስ አልችልም።)

ይህ ሁሉ የሚመጣው ከአሮጌ ንቀት ነው ብዬ አምናለሁ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ እስከ ዛሬ «አይጠየፍ» ይባላል። እንዲህ ያለ ስም ያለው አዳራሽ የቆመባት ከተማ ልጆች ሆነን «አዝማሪ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ስንወረውር አናፍርም። አያቶቻችን ሸማኔው በሸመነው ኩታ አጊጠው፣ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ጀበና ቡና ጠጥተው፣ ሁለቱንም ከማዕዳቸው ያርቋቸው ነበር። እኛ ከማዕድ ማራቁን ትተናል፣ ዋጋ መንሳቱን ግን ወርሰነዋል።

ቤት አከራዮችም ከዚህ ወቀሳ አታመልጡም። ተከራዩ ሠዓሊ መሆኑን ሲናገር ቀለሙ ግድግዳ ያበላሻል ትላላችሁ፤ ክራር ይዞ ሲመጣ ደግሞ ቤቱ ተይዟል ይባላል። የድምፅ ስሞታ እውነት አለው፤ ሕፃን የሚያስተኛ፣ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ዕረፍት ይፈልጋል። ስለዚህ ከመግሪብ በኋላ እንዳይለማመድ ተነጋገሩና ተስማሙ፤ ወፍጮ ቤትና ብየዳ ቤት ቀኑን ሙሉ ሲያጓሩ ዝም ያለ ሰፈር አንድ ክራር ረበሸኝ ቢል ማን ያምነዋል?

በስልካችሁ እየቀረጻችሁ በዩቲዩብና በቲክቶክ የምትለጥፉ ወጣቶችም አላችሁ። ባለሙያው ሳይፈቅድ፣ ስሙ እንኳ ሳይጻፍ፣ ሥራው የሌላ ሰው ገቢ ይሆናል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሁለት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ በዚህ ሕግ የአንድ ደራሲ ወይም የዜማ ባለቤት መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የጎረቤታችሁ ዜማ ከዚህ ሕግ ውጪ የሆነበት ምክንያት የለም። ፈቃድ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው በሩን ማንኳኳት ብቻ ነው፣ ያውም የምታውቁት በር።

ከዚያስ? ከዚያ ልጁ አዲስ አበባ ይገባል። እዚያ ስሙ ሲነሣ «የእኛ ሰፈር ልጅ ነው፣ እዚህ ነው ያደገው» እንላለን፣ በሠርጋችን ያጫወተበት ያልተከፈለ ሒሳብ ግን አይነሣም። ከተማው ውስጥ የቀረው ደግሞ አርጅቶ ሲታመም የባንክ ሒሳብ ቁጥር በየስልኩ እንቀባበላለን፤ ሲሞት ቅሬው ድንኳን ይተክላል፣ ለቀብሩ ሕዝብ ይጎርፋል። የቀብር ሰው አናጣም፣ ለዚህስ ምስጋና ይገባናል። ነገር ግን ለመድኃኒቱ ከምናዋጣው እኩሌታውን በደህናው ጊዜ የሥራው ዋጋ አድርገን ከፍለነው ቢሆን ኖሮ፣ እርሱም የሰው እጅ ሳያይ ይታከም ነበር።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተማችን ስትያዝ የደሴ ሙዚየም ተዘርፎ ሁላችንም አዝነናል። የአባቶቻችን እጅ ሥራ ሲጠፋ ያቃጠለን ሰዎች፣ ዛሬ ጎረቤታችን የሣለውን ሥዕል ለግድግዳችን ገዝተን ካላቆየነው ለልጅ ልጆቻችን ምን ልናሳያቸው ነው? ሳሎናችን በውጭ አገር ፏፏቴ ፖስተር ተሞልቷል፤ ሠዓሊው ደግሞ የሱቅ ታፔላ እየጻፈ፣ ለእርሱም «ጎረቤት ነህ» እየተባለ ይኖራል።

ኑሮ ከብዶናል የምትሉትን እሰማለሁ፣ እውነት ነው። አቅም ያጣ ሰው ግን አስቀድሞ «ይህን ያህል ብቻ አለኝ» ይላል፤ ባለሙያውም ወይ ይቀበላል፣ ወይ ይተዋል፣ ወይም ወዶ በነፃ ይሠራል። በፈቃዱ የሰጠውን ስጦታ ማንም አይነቅፍም። ነውሩ ዋጋ ሳይነገረው አሠርቶ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ዝምድና መቁጠር ነው። ባለሙያዎቹም ብትሆኑ በይሉኝታ ታፍናችሁ ዋጋችሁን ሳትናገሩ ድንኳን ውስጥ አትግቡ፤ ማሲንቆው ከከረጢቱ ሳይወጣ ሒሳቡ ይነገር።

ይህን ስናገር ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። የሟች አባቴን መልክ ከአንዲት የደበዘዘች ፎቶግራፍ አውጥቶ በዘይት ቀለም የሣለልኝ የሰፈራችን ሠዓሊ ነው። በዋጋው ተስማምተን ግማሹን ሰጠሁት፣ ለቀሪው «ጎረቤት አይደለን፣ የት እሄድብሃለሁ?» አልኩት። ዓመታት አለፉ። ሥዕሉ ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል፣ የገባ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል፤ ሠዓሊው ራሱ ለቡና ሲመጣ ከሥሩ ይቀመጣል፣ አንድ ቀንም ስለ ቀሪው አንሥቶብኝ አያውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ገንዘቡን ይዤ ቤቱ እሄዳለሁ፤ የሸራውና የቀለሙ ዋጋ ያኔ ከነበረው እጅግ ስለጨመረ፣ ቀሪውን በዛሬው ገበያ እንዲያሰላልኝ እጠይቀዋለሁ።