ስለ ጄን ፎንዳና ስለ ምርኮኞቹ ወረቀት፦ እርማት

አሜሪካዊቷ የፊልም ተዋናይ ጄን ፎንዳ ኦስካር በተሸለመችበት በ1972 (እ.ኤ.አ.)፣ አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ትዋጋት የነበረችውን የሰሜን ቬትናምን ዋና ከተማ ሃኖይን ስትጎበኝ፣ አሜሪካውያን የጦር ምርኮኞች በድብቅ ያስጨበጧትን ቁራጭ ወረቀቶች ለጠባቂዎቹ አሳልፋ በመስጠቷ ሰዎች ተደብድበው እንደሞቱ በተደጋጋሚ ተጽፏል። ይህ አልሆነም። በታሪኩ በስም የሚጠቀሱት መኮንን፣ በእርግጥም ምርኮኛ የነበሩ ቢሆንም፣ ከተዋናይቷ ጋር ፈጽሞ እንዳልተገናኙ ተናግረው አስተባብለዋል፤ እርሷ ግን ስትመለስ የምርኮኞችን ደብዳቤ ለቤተሰቦቻቸው ይዛ መጥታለች። ማጣራት የሚሻ፣ በኢሜይል ሲዞር የኖረውን ጽሑፍ ትቶ የቀድሞ ምርኮኞቹን የራሳቸውን ቃል ይመልከት። ሐሰቱ የሚጎዳው ተገቢውን ወቀሳ ስለሚሸፍን ነው፤ በሃኖይ ሬዲዮ መናገሯም ሆነ በፀረ አውሮፕላን መድፍ ላይ ተቀምጣ ፎቶ መነሣቷ እውነት ነው፤ ስለ ፎቶውም በ1988 በቴሌቪዥን ቀርባ የቀድሞ ወታደሮችን ይቅርታ ጠይቃለች።