እግር ኳስ የተወለደው በ1992 ነው

መጀመሪያ ምስጋና ለሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ሊቃውንት። እነሱ ባይኖሩ እግር ኳስ መቼ እንደተፈጠረ ማን ይነግረን ነበር? በ1992 ነው፣ ፕሪሚየር ሊግ ሲጀመር። በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ እኛ ገና ነሐሴ 1984 ላይ ሳለን። ከዚያ በፊት እንግሊዞች ቅዳሜ ከሰዓት ምን ይሠሩ እንደነበር አይታወቅም። ዝናብ ሲያዩ ይውሉ ይሆናል።

ባለፈው እሁድ አንዱን ሊቅ አገኘሁት። የአርሰናል ማልያ ለብሶ አግዳሚው ላይ ከጎኔ ተቀምጧል። "በእንግሊዝ ሊግ ታሪክ ብዙ ጎል ያገባ ማነው?" አልኩት። ስልኩን እንኳ ሳይነካ "ሺረር፣ 260፣ አለቀ" አለኝ፤ የፕሪሚየር ሊጉን ባለክብረ ወሰን አላን ሺረርን ማለቱ ነው። እንዲህ ነው እውቀት! በማኪያቶ ተወራረድን።

"አርተር ራውሊ" አልኩት ቀስ ብዬ። "434 ጎል፣ በ619 የሊግ ጨዋታ። እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም።"

"የት ተጫውቶ?"

ዌስት ብሮም፣ ፉልሃም፣ ሌስተር ሲቲ፣ ሽሩስበሪ ታውን የሚባል ትንሽ ክለብ። ሽሩስበሪ ስል እንዴት እንዳዘነልኝ! የታመመ ዘመድ እንዳለኝ የነገርኩት ነው የመሰለው። ደግነቱ አይረሳኝም። የግራ እግሩ ምት ከባድ ስለነበር "መድፈኛው" ይሉት ነበር ስለው ግን፣ አርሰናሎችም "መድፈኞቹ" ስለሚባሉ፣ ነቃ አለ፤ "የኛ ልጅ ነዋ!" ለአርሰናል አንድም ቀን አልተጫወተም ስለው መልሶ በረደ።

ለነገሩ ይህን ጥበብ የተማርነው ከባለቤቶቹ ከራሳቸው ከእንግሊዞቹ ነው፣ እነሱም ይመስገኑ። እስከ ስድሳዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝን ብሔራዊ ቡድን የሚመርጠው ኮሚቴ ነበር። አዎ፣ ኮሚቴ! አሰልጣኝ እያለ። (ይህን ሳነብ አገር ቤት ያለሁ መሰለኝ።) ራውሊ በ1956/57 በሁለተኛው ዲቪዚዮን 44 ጎል አግብቶ ሌስተር ሻምፒዮን ሆኖ ሲያድግ፣ ኮሚቴው ረጋ ያሉ ሰዎች ስብስብ ስለሆነ፣ በጎል ብዛት አልተታለለም። ለዋናው ቡድን አንድ ጊዜም ሳይሰለፍ ጫማውን ሰቀለ። ወንድሙ ጃክ፣ እሱም አጥቂ፣ 6 ጊዜ ተሰልፏል። ጃክ የማንቸስተር ዩናይትድ ልጅ ነበር፤ አጋጣሚ ነው መቼም።

በ1958 ሰውየው ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ሽሩስበሪ ገባ። ቡድኑ የሚጫወትበት አራተኛ ዲቪዚዮን የሚባለውም የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ወዲያው 38 አገባ፣ ቡድኑንም አሳደገ። ክብረ ወሰኑን ይዞ የነበረውን የዲክሲ ዲንን 379 የሊግ ጎል ያለፈውም እዚያው ነው፣ በ1961።

ሜዳቸውን ልንገራችሁ፣ ለሊቁም ነግሬዋለሁ። እስከ 2007 ድረስ ሰቨርን ወንዝ ዳር ነበር። ኳስ ተጠልዛ ከወጣች ወንዝ ትገባ ነበር፣ ስለዚህ ክለቡ ባለታንኳ ነበረው። ታንኳዋ ክብ ናት፣ ትልቅ ቅርጫት በሏት፤ ሰውየው እሷ ውስጥ ቁጭ ብሎ እየቀዘፈ ኳሷን ያሳድዳል። ከኋላ ጨዋታው ቀጥሏል። ለእንዲህ ያለ ቦታ ጎል ማን ይቆጥራል? ልክ ናችሁ። ጎል የሚቆጠረው ሳሩ እንደ ምንጣፍ ሲሆን፣ አስራ ስድስት ካሜራ ሲዞረው፣ ዳኛው ጆሮውን ይዞ አምስት ደቂቃ ሲቆም ነው።

ሊቁ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማኝ። እንዲያውም ስልኩን አወጣና ፈለገ። 434 የሚለውን በዓይኑ አየ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ መለሰና፣

"ጋሼ፣ ይሄማ አይቆጠርም" አለኝ።

"ለምን?"

"ሃይላይቱ የለም።"

ማኪያቶውን እኔ ከፈልኩ። ሁለት ስኳር ጨመረበት።