እግሩን አሳዩን እንጂ!

ቅዳሜ ማታ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ለሚደነሰው ለባልሩም ዳንስና ለዳንስ ሙዚቃ የሚሰጠውን ሽልማት በቴሌቪዥን ለማየት ከእህቴ ጋር እራት ቶሎ በልተን ቁጭ አልን። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ደርበን ነው የጠበቅነው። ከዚያ ምን አየን? ንግግር። ምስጋና። ማስታወቂያ። ደግሞ ንግግር።

ጥንዶቹ ዋልስ ሲጀምሩ ካሜራው ፊታቸው ላይ ተለጠፈ። ኧረ በፈጠራችሁ! ዋልስ እኮ በ3 ምት የሚሄድ ነው፣ አንደኛው ላይ ረገጥ፣ ከዚያ ከፍ ብሎ ቀስ እያሉ መውረድ፣ ይሄ ሁሉ የሚታየው እግር ላይ ነው። ታንጎ ደግሞ ያ ከፍ ዝቅ የለውም፣ ጉልበት ለዘብ ብሎ እንደታጠፈ ነው የሚኬደው። እግራቸውን ካላየሁ ልዩነቱን በምን ልወቀው? እስክስታ ሲቀርጹ ትከሻውን ትተው ጫማ ቢያሳዩን ዝም እንል ነበር?

ከሁሉም ያንገበገበኝ የሙዚቃው ሽልማት ነው። ያሸነፈው ዜማ 10 ሰከንድ እንኳ ሳይሰማ ተቆረጠ። እኛ ወሎዬዎች ነን፣ ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች በቀያችን ስም የሚጠሩ፣ ዜማ መሃል ላይ ሲቋረጥ ሆዳችን አብሮ የሚቆረጥ ሰዎች። ያለ ሙዚቃው ማን ሊደንስ ነው? አቀናባሪው መድረክ ሲወጣ ስሙን እንኳ አልጻፉለትም።

እህቴ መሃል ላይ ተነስታ ተኛች። እኔ እስከ መጨረሻው ጠበቅኩ፣ ቢያንስ ሳምባ የሚባለውን ዳንስ ሙሉውን ያሳዩናል ብዬ። አላሳዩም።