የፓክ ሙን በሮች በማን እጅ ናቸው?

ከባንኮክ የሚመጣ የፖለቲካ ዜና የሚወድቅ ሰው አያጣም። በኦገስት 2024 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታይላንድ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2023ቱ ምርጫ ቀዳሚ የሆነውን ሙቭ ፎርዋርድ ፓርቲን አፈረሰ፤ በሳምንቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ስሬታ ታቪሲንን ከወንበራቸው አነሳ። ዓመት ሲሞላው ተተኪያቸው ፔቶንግታርን ሺናዋትራም በዚያው ፍርድ ቤት ውሳኔ ተሰናበቱ። ፍጹም ዘውዳዊ አገዛዝ ካበቃበት ከ1932 ወዲህ የተሳኩት መፈንቅለ መንግሥታት 12 ደርሰዋል፤ በ2017 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ሃያኛው ነው። ይህን የተከታተለ ሰው «ታይላንድ መረጋጋት የራቃት አገር ናት» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

እኔ ግን የአገሪቱ ችግር ከልክ ያለፈ መረጋጋት ይመስለኛል። ጠቅላይ ሚኒስትሮች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ወንዙን የሚገድበው፣ ደኑን የሚከልለው፣ አገረ ገዥ የሚሾመው መሥሪያ ቤት ግን ከነማኅተሙ በቦታው አለ። የንጉሣዊው ደን መምሪያ በ1896 ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ ከበርማ የመጣ እንግሊዛዊ የደን ባለሙያ ነበር፤ የመምሪያው ተልእኮም የሰሜኑን የቲክ ደን ከአካባቢው መሳፍንት እጅ አውጥቶ በባንኮክ ሥር ማድረግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘውዱ ፍጹም ሥልጣኑን አጥቷል፣ ጄኔራሎች ተፈራርቀዋል፣ ስንትና ስንት ምርጫ ተካሂዷል። ያ የ1896 አስተሳሰብ ግን ዛሬም ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል።

ለዚህ ከፓክ ሙን ግድብ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ግድቡ የሚገኘው በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ በኡቦን ራቻታኒ ክፍለ ሀገር፣ የሙን ወንዝ ከሜኮንግ ጋር ሊገናኝ 5.5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ነው። የመንግሥት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ባለሥልጣን የዓለም ባንክ ብድር ታክሎበት ሠርቶ በ1994 አጠናቀቀው። ቁመቱ 17 ሜትር ነው፤ ግዙፍ የሚባል አይደለም። ስምንት በሮች አሉት፤ የታቀደለት ኃይል 136 ሜጋ ዋት ነበር። የዓለም የግድቦች ኮሚሽን በ2000 ባወጣው ጥናት ግን አስተማማኝ ሆኖ የተገኘው አቅሙ 21 ሜጋ ዋት ገደማ ብቻ ነው። ምክንያቱ ምሥጢር አልነበረም። በበጋ የሙን ውኃ ይቀንሳል፤ በዝናቡ ወራት ደግሞ ሜኮንግ ሞልቶ ወደ ኋላ ሲገፋ ከግድቡ በላይና በታች ያለው ውኃ ከፍታው ይቀራረብና ተርባይኖቹ ይቆማሉ። ይህን በወንዙ ዳር የኖረ ማንም ዓሣ አጥማጅ ይነግራቸው ነበር፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ።

የጠፋው ደግሞ ዓሣው ነው። ከግድቡ በፊት በሙን ተፋሰስ 265 የዓሣ ዝርያዎች ተመዝግበው ነበር። ብዙዎቹ ዝናቡ ሲጀምር ከሜኮንግ ሽቅብ እየወጡ፣ ውኃው በአለት መካከል በሚንደረደርባቸው ቦታዎች የሚራቡ ናቸው። ግድቡ መንገዳቸውን ዘጋ፤ አለቶቹንም ውኃ ዋጣቸው። መሐንዲሶቹ ዓሣው እየዘለለ የሚያልፍበት የኮንክሪት እርከን ከግድቡ ጎን ሠርተዋል። ሳልመን እንደዚያ ይዘላል፤ አብዛኛው የሜኮንግ ዓሣ ግን አይዘልም። ከግድቡ በላይ ባሉት መንደሮች የሚያዘው ዓሣ ከ60 እስከ 80 በመቶ ቀነሰ። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ኢሳን በሚባለው በዚያ አካባቢ መሬቱ አሸዋማ፣ የሩዝ ምርቱ ቀጭን መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ዓሣ እዚያ ወጥም ነው፣ ገበያ ተወስዶ በሩዝ የሚለወጥ ገንዘብም ነው።

እዚህ ላይ ፖለቲካው ይገባል። በዲሴምበር 1995 የግድብ፣ የደንና የመሬት ተፈናቃዮች «የድሆች ጉባኤ» የሚባል ኅብረት መሠረቱ። በ1997 መጀመሪያ ከየገጠሩ መጥተው በባንኮክ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ለ99 ቀናት ሰፈሩ። የጠቅላይ ሚኒስትር ቻቫሊት ዮንግቻይዩድ መንግሥት ካሣ ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ዓመት የኢኮኖሚ ቀውሱ ቻቫሊትን ይዟቸው ሄደ፤ የተተኩት ቹዋን ሊክፓይም ተሠርቶ ላለቀ ግድብ ወደ ኋላ ተመልሶ ካሣ አይከፈልም አሉ። መንደርተኞቹ ተመልሰው ግድቡ አጠገብ ጎጆ ቀለሱ። በ2001 ታክሲን ሺናዋትራ በድሃው ድምፅ ተመርጠው ሲመጡ በሮቹ በጁን ወር ለሙከራ ተከፈቱ።

የዚያ ዓመት ሙከራ የሚያስደንቅ ነው። መንደርተኞቹ ራሳቸው ተመራማሪ ሆኑ፤ የዓሣውን ስም በአገራቸው ቋንቋ፣ መጠለያውንና የሚመጣበትን ወቅት መዘገቡ። 156 ዝርያዎች መመለሳቸውን ቆጠሩ። መንግሥት ራሱ ያሠማራው የኡቦን ራቻታኒ ዩኒቨርሲቲም በሮቹ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ሆነው ለአምስት ዓመት እንዲቆዩ ሐሳብ አቀረበ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ምን ወሰነ? አራት ወር ይከፈት፣ ስምንት ወር ይዘጋ። ድሆች የመረጡት፣ በፓርላማ ከማንም የበለጠ ወንበር የነበረው መንግሥት እንኳ የአንድ አነስተኛ ግድብ ቁልፍ ከኤሌክትሪክ ባለሥልጣኑ እጅ ሊወስድ አልፈለገም፤ ወይም አልደፈረም። ታክሲን በሌላ ነገር ብዙ ይወቀሳሉ፤ ለእኔ ግን ከክሶቻቸው ሁሉ ስለ አገራቸው የበለጠ የሚናገረው ይህ የአራት ወር ውሳኔ ነው።

ወደ ደኑ ስንሄድ ታሪኩ ይመሳሰላል፤ ጥርሱ ግን ይበረታል። በ1961 ደን ከአገሪቱ ስፋት ከግማሽ በላይ ይሸፍን ነበር፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሦስት እጅ አንድ እጅ በታች ወርዷል። አብዛኛውን ያመናመነው መንግሥት ራሱ ፈቃድ የሰጠው የእንጨት ቆረጣና ለውጭ ገበያ የተስፋፋው የካሳቫና የበቆሎ እርሻ ነው። በኖቬምበር 1988 በደቡብ፣ በናኮን ሲ ታማራት የወረደው ጎርፍ የተቆረጠ ግንድ እያንከባለለ መንደር ደመሰሰ፤ ብዙ መቶ ሰው አለቀ። በጃንዋሪ 1989 መንግሥት የቆረጣ ፈቃዶችን ሁሉ ሰረዘ። ጥሩ ውሳኔ ነበር፤ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን የታይላንድ መጋዝ ሥራ አልፈታም። ጦር አዛዡ ከአንድ ወር ቀደም ብለው የበርማ መዲና በነበረችው ራንጉን ደርሰው ስለነበር ቆራጮቹ ወደ በርማ ተሻገሩ። ያ ጦር አዛዥ ከዓመታት በኋላ ከድሆች ጉባኤ ጋር የተስማሙት እኚያው ቻቫሊት ነበሩ። የታይላንድ ፖለቲካ እንዲህ ነው፤ ክፉና ደግ ሰው እየለዩ የሚያነቡት አይደለም።

እንጨት ቆራጩ ከወጣ በኋላ በደኑ ውስጥ የቀረው ገበሬው ነው። በ1941 የወጣው የደን ሕግ ማንም በመሬት ሕግ ያላገኘው መሬት ሁሉ ደን ነው ይላል፤ ዛፍ ኖረበት አልኖረበት። ስለዚህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች አያቶቻቸው ባረሱት መሬት ላይ ወራሪ ተብለው ይኖራሉ። ከ1991ዱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ወታደሩ በኢሳን መንደሮችን ከደን ማስወጣት ጀመረ፤ በ1992 ሕዝባዊ ቁጣ አስቆመው። ከ2014ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ደግሞ ትእዛዝ ቁጥር 64 ወጣ፤ የተወረረ ደን ይመለስ የሚል ነው። ከዚያ ተከትሎ የወጣው ቁጥር 66 ድሆች እንዳይነኩ ይላል። በተግባር ግን ፍርድ ቤት የቆሙት በአብዛኛው ካሳቫ ያበቀሉ ድሆች ነበሩ።

ከሁሉም የሚከብደው የካንግ ክራቻን ታሪክ ነው። በበርማ ድንበር ባለው በዚህ ብሔራዊ ፓርክ በ2011 ባለሥልጣናት የካረን ብሔረሰብ አባላትን ጎጆዎችና የሩዝ ጎተራዎች አቃጠሉ። ሰዎቹ ክስ እንዲመሠርቱ ሲረዳ የነበረው፣ ቢሊ በሚል ስም የሚታወቀው ፖላቺ ራክቾንግቻሮን በኤፕሪል 2014 የዱር ማር ይዘሃል ተብሎ በፓርኩ ሠራተኞች ተያዘ፤ ለቀነዋል አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። በ2019 መርማሪዎች የአጥንቱን ቁራጭ ከነዘይት በርሜሉ እዚያው ፓርክ ካለው የካንግ ክራቻን ግድብ ሐይቅ ውስጥ ማግኘታቸውን አስታወቁ። በ2018 ጠቅላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ቃጠሎው ሕገወጥ እንደነበር ፈርዷል። በ2021 ደግሞ ዩኔስኮ ፓርኩን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በ2023 የቀድሞው የፓርኩ ኃላፊ ከግድያው ክስ ነፃ ተብለው፣ ቢሊን ለፖሊስ ባለማስረከባቸው ብቻ የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች ለዚህ መልስ አላቸው፤ እውነትም አለው። በምዕራብ ታይላንድ ቱንግ ያይ በሚባለው ደን ሊሠራ የነበረው የናም ቾን ግድብ በ1988 የቀረው በካንቻናቡሪ ነዋሪዎች፣ በተማሪዎችና በተፈጥሮ ተሟጋቾች ጩኸት ነው፤ ዛሬ ነብር በዚያ ይራባል። ከዚያም በፊት፣ በኤፕሪል 1973፣ ከቱንግ ያይ ሕገወጥ አደን ሲመለስ የነበረ ወታደራዊ ሄሊኮፕተር ከነአራዊቱ ሥጋ ተከሰከሰ። መንግሥት «ምሥጢራዊ ተልእኮ ነበር» ሲል ተማሪዎች አጋለጡት፤ ያ ቁጣም በኦክቶበር የወታደሩን አገዛዝ ከጣሉት አንዱ ሆነ። የከተማው ሰው ለደን መቆርቆሩ ሐሰት አይደለም። ግን ልብ ይባል፤ ቱንግ ያይን ያስፈራሩት ግድብ ሠሪውና ባለ ጠመንጃው ሹም ነበሩ፣ ካረኖቹ አልነበሩም። ከዚያ በኋላ በጥበቃ ስም እንዲወጡ ጫና የደረሰባቸው ግን ካረኖቹ ናቸው።

«ገበሬው ራሱን ቢያስተዳድር ደኑንም ውኃውንም ይጨርሰዋል» የሚለውን ክርክር በተመለከተ በሰሜን ያለውን የሙዋንግ ፋይ መስኖ ማየት ይበቃል። የላና (የጥንቱ የሰሜን ታይላንድ መንግሥት) ገበሬዎች ከእንጨትና ከድንጋይ ትናንሽ ክትሮችን ሠርተው፣ የውኃ አለቃቸውን ከመካከላቸው መርጠው፣ እንደ ማሳቸው ስፋት ጉልበትና እንጨት እያዋጡ ውኃ ሲከፋፈሉ ዘመናት አልፈዋል፤ በንጉሥ ማንግራይ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ ሕግ እንኳ ክትር ለሚያፈርስ ቅጣት ይደነግጋል። ነገሩን ገነት አላደርገውም። ከላይ ያለው ከታች ካለው ሁልጊዜ ይጣላል፤ አለቃውም ለዘመዱ ያዳላል። ሆኖም ካዳላ በማግስቱ መንደር ውስጥ ያገኙታል። የመስኖ መምሪያውን ዳይሬክተር የት ያገኙታል?

የ2011ዱ ታላቅ ጎርፍ ይህንኑ ጥያቄ ወደ ባንኮክ ደጅ አመጣው። ከ800 በላይ ሰው ሞተ፤ ጉዳቱን የዓለም ባንክ 1.43 ትሪሊዮን ባህት ገመተው። የመዲናዋን እምብርት ለማዳን ውኃው በግንብና በአሸዋ ከረጢት በዳርቻ ሰፈሮች ላይ እንዲተኛ ተደረገ። የክሎንግ ሳም ዋ ነዋሪዎች ወጥተው የውኃ በሩ እንዲከፈትላቸው አስገደዱ። የከተማ ሰውም እንደ ፓክ ሙን ዓሣ አጥማጅ በር ላይ ቆሞ ሊጮኽ እንደሚችል ያኔ ታየ።

በር የሚቆጣጠረው ሹም ለማን መልስ ይሰጣል? ከባንኮክ በስተቀር የ76ቱ ክፍላተ ሀገር አገረ ገዥዎች በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚሾሙ ናቸው። የባንኮክ ሰው በ2022 ቻድቻርት ሲቲፑንትን ከ1.38 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ሰጥቶ መረጠ፤ የኡቦን ሰው ይህ መብት የለውም። ስለዚህ ጥያቄውን የሚያቀርበው ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ ባንኮክ የእግረኛ መንገድ ላይ በመተኛት ነው። በአገረ ገዥ ምርጫ ብቻ ዓሣው ይመለሳል አልልም፤ ሀብታም ነጋዴዎች የሚያሸንፉበት ክፍለ ሀገር አይጠፋም። ቢሆንም የሚሻር ሰው ያለበት ቦታ ከማይሻርበት ይሻላል።

ሕግ አላነሰም። የ1997ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 46 ነባር ማኅበረሰቦች በተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር የመሳተፍ መብት አላቸው አለና «በሕግ በተደነገገው መሠረት» የሚል ሐረግ ጨመረበት። ሕጉ አልወጣም፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነ። የማኅበረሰብ ደን አዋጅ ከብዙ ረቂቅና ከሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ውትወታ በኋላ በ2019 ሲጸድቅ ብሔራዊ ፓርኮችንና የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራዎችን ከወሰኑ ውጭ አደረገ። ማለትም ከባለሥልጣን ጋር ጠብ ያለባቸው፣ ሕጉ ከማንም በላይ የሚያስፈልጋቸው መንደሮች አልተካተቱም። በዚያው ዓመት የወጣው የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ደግሞ ቀድመው የሰፈሩ ሰዎች በመሬታቸው እንዲጠቀሙ መንገድ ቢከፍትም፣ በ2024 የተሰናዳው ማስፈጸሚያ ደንብ ፈቃዱን በ20 ዓመት ወስኖታል። በ20ኛው ዓመት ማን ጠቅላይ ሚኒስትር እንደሚሆን ማንም አይገምትም፤ የፈቃድ ማደሻ ማመልከቻው ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚቀርብ ግን ከወዲሁ የታወቀ ነው።