ስም ሲጎራረሱ

ገንዘቡን ለወዳጁ የሚሰጥ ሰው ሞልቷል፤ የሰው አገር ዛፍ ለወዳጁ የሚያበረክት ቸር ግን በየደጁ አይገኝም። በንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ዘመን የነበሩት የብሪታኒያ ዕፅዋት አጥኚዎች ተክሉን በወዳጅ ስም እየሰየሙ ይህን ልግስና እንደ ማዕድ ጉርሻ ሲለዋወጡት ማየት ያስቀናል (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የማዕዱ አባወራ ከ1778 እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ 1820፣ የብሪታኒያው የሳይንስ ማኅበር የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሰር ጆሴፍ ባንክስ ናቸው። ከለንደን ቤታቸው ሆነው ለመርከብ አዛዡ፣ ለቅኝ ገዥውና ለሐኪሙ ደብዳቤ እየጻፉ ለንደን አጠገብ የሚገኘውን የኪው ንጉሣዊ የአትክልት ሥፍራ ከዓለም ዙሪያ በመጣ ዘር አበለጸጉት። በ1787 ባውንቲ የተባለችው መርከብ ወደ ታሂቲ ስትላክማ ሰፊው ክፍል ለዳቦ ፍሬ ችግኞች ተለቀቀ፤ በካሪቢያን የሸንኮራ እርሻዎች በባርነት የሚማቅቁት ሰዎች በርካሽ እንዲጠግቡ ታስቦላቸው ነው። ነፃነታቸውን ማሰብ ለችግኝ ባለሙያ የሚተው ጉዳይ አልነበረም።

ጉርሻው ለእኛም ደርሶናል። በ1770 ጎንደር የገቡት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከተቅማጥ ያዳናቸውን ዋጊኖስ የተባለ ተክል፣ ለባንክስ ይሥሉ የነበሩት ሚለር በ1779 በብሩስ ስም ብሩሲያ አሉት፤ መድኃኒትነቱን የሚያውቁት የአገሬው ሰዎች እጃቸውን ታጥበው እንደ ተቀመጡ ቀሩ። ብሩስም ውለታ የሚዘነጉ ሰው አልነበሩምና፣ አባቶቻችን ትል ለማስወጣት ሲጠጡት የኖሩትን ኮሶ በ1790 ባሳተሙት የጉዞ መጽሐፍ ባንክሲያ ብለው ለሰር ጆሴፍ አጎረሱ። አብሯቸው የተጓዘው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ስለ ሞተ፣ ሟችን በዝና ላለማስቸገር የእርሱን የዕፅዋት ሥዕሎች እንደ ራሳቸው ሥራ አቀረቡ፤ እንዲህ ያለ ሐዘንተኛ የት ይገኛል?

ባንክሲያ የሚለው ስም ግን አስቀድሞ ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ተገኘ። ስለዚህ በ1791 ጀርመናዊው ዕፅዋት አጥኚ ግሜሊን ዛፋችንን ሃጌኒያ ብለው ለኬኒግስበርግ ከተማው መድኃኒት ቀማሚ ለካርል ጎትፍሪድ ሃገን አስተላለፉት። ኮሶው ከደጋው ሳይነቃነቅ በሁለት ዓመት ሁለት ጌታ ቀየረ፤ ዛሬም ተማሪዎቻችን በጥናታቸው የሃገንን ስም በጥንቃቄ ይጽፋሉ። ሁለቱም ጌቶች ግን ስሙን እንጂ ያንን መራራ ዋንጫ የመጨለጥ ግዴታ አልነበረባቸውም፤ እርሱ ለእኛ ተትቶልናል።