ዳገት ወጥቼ ነው

የደሴ ሰው፣ የኮምቦልቻም ሰው፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከቁጣው እኔም አልተረፍኩም።

ባለፈው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ጤና ጥያቄ ያለው ይናገር ተባለ። ቤቱ እጅ በእጅ ሆነ። አንዱ አምቡላንስ አለ። አንዱ ሲቲ ስካን። አንዲት እናት አልጋ ጠፍቶ ልጇን ኮሪደር ላይ አስተኝታ እንዳደረች ተናገረች፤ እውነቷን ነው። ስለ ቦይ፣ ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ ክትባት ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እኔም አላልኩም። ከዚያ ቡና ላይ ቁጭ ብለን በጀቱን እናማለን። የጠየቅነውን እኮ ነው የሚሰጡን!

ሕክምና ይቅር አልወጣኝም። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ፣ ሐኪም ቤት የሌለው ከተማ ምን እንደሚመስል በዓይናችን አይተናል። ያን ያየ ሰው በአልጋና በመሣሪያ አይቀልድም። ግን ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል ስንወለውል ልንኖር ነው?

ፌስታሉንና የውሃ ላስቲኩን ቦይ ውስጥ የሚወረውረው ማነው? ሐምሌ ሲገባ ቦዩ ይደፈናል። ጎርፉ የሽንት ቤቱን ጉድ ይዞ አስፋልት ላይ ይወጣል። የተረፈው በቦርከና አድርጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ፤ ለወንድሞቻችን ስጦታ መሆኑ ነው። ልጆቻችን ተቅማጥ ሲይዛቸው ደግሞ ጉሉኮስ ፍለጋ እንሯሯጣለን። ታች ያለውም ወንድማችን ቢሆን በነጻ የተሰጠውን አጎበር ገመድ ገምዶበት ወባ ጣለኝ ይላል።

በገጠር በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ከተማም ከገባ ቆይቷል። የኤክስቴንሽኗ ልጅ በር ስታንኳኳ ግን «ሰው የለም በላት» እንላለን። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር አንዴ፣ በ15 ወር ደግሞ አንዴ ነው። የመጀመሪያውን አስወግተን ሁለተኛውን የረሳን ስንት ነን?

የራሴን ልናገር። እኔ ቤት የመጣችው ልጅ ደም ግፊቴን ለካች። 160 በ100። «ዳገት ወጥቼ ነው» አልኳት። ሳቀችና «ደሴ ላይ ዳገት ያልወጣ ማን አለ?» አለችኝ። «አብሽሪ» ብዬ ሸኘኋት። ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። በኋላ አንድ የሰፈሬ ሰው በዚሁ በደም ግፊት ኩላሊቱ ተበላሸና በሳምንት 3 ቀን እጥበት ታዘዘለት። ለእሱ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነን ፒያሳ ላይ ስንለምን ነው የኔው ቁጥር ትዝ ያለኝ። ለልመናው ስንወጣ ማንም አልቀረም፤ ጥሩ ሰዎች ነን። ግፊቱን በጊዜ ተለካ ብሎ የጎተጎተው ግን አልነበረም። አሁን ኪኒኔን እውጣለሁ። ማታ ማታ።

የጤና መድኑስ? ማኅበረሰብ አቀፍ መድን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከ13ቱ ወረዳዎች አንዷ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች። ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። ሆኖም ዓመቱ ሲያልቅ «ሳልታመም ብሬን በሉኝ» የሚል አለ። ጤነኛ በመሆኑ የሚያዝን! ሰው ሳይሞት ዓመቱ አለቀና የዕድር ብሬ ተበላ ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ፈንጣጣን ከዚህ አገር በ1968 ዓ.ም. ያጠፋው አልጋ አይደለም። ሰው ነው፤ ክትባት ይዞ መንደር ለመንደር በእግሩ የዞረ ሰው።

ዕድርን ካነሳሁ አይቀር፣ የኛ ዕድር ዶማም አካፋም አለው። መቃብር ቆፍረንበታል። ቦይ ጠርገንበት ግን አናውቅም። ሰኔ ሳይገባ ይውጣ እላለሁ። እሁድ ስንሰበሰብ አነሳዋለሁና የሚቃወመኝ ካለ ከአሁኑ ይዘጋጅ።