ስንት ኮከብ ይሰጡታል?

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከለቅሶ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጢን አለ። ስልኩ ባለቤቴ እጅ ነበር፤ እናቷ ጋ ልትደውልበት ወስዳው። ቀና ብላ አየችኝና ከስልኩ ማፕ የመጣውን ጥያቄ አነበበችልኝ።

«ጠጅ ቤቱን እንዴት አገኙት? ስንት ኮከብ ይሰጡታል?»

ጠጅ ቤት አልሄድኩም። (ያን ቀን ማለቴ ነው።) እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ የእድራችን ሰው አርፈው ድንኳን ተጥሏል። ድንኳኑ ያለበትን ግቢና ጠጅ ቤቱን የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ንፍሮ እየዘገንኩ የተቀመጥኩት ከአጥሩ ወዲህ ነው።

«የስልክ ጂፒኤስ እኮ ሜዳ ላይ እንኳ 5 ሜትር ያህል ይስታል» አልኳት። «ቤት ከቤት በተጣበቀበት ሰፈር ደግሞ ይብስበታል።»

«እና ሳተላይቱ ነው የዋሸው?»

የሃያ ዓመት ትዳር ከሳተላይት ጋር ሲመዘን ስንት ኪሎ እንደሚወጣው ያኔ አየሁ።

ማፑን የጫነልኝ የእህቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ራዳር ያለበትን እየነገረህ ነው የሚሄደው» አለኝ። ራዳር የሚለውን ስሰማ «ፍቀድ» የሚል የተጻፈበትን ሁሉ ነካሁት። ሎኬሽን? ፍቀድ። ሁልጊዜ? ፍቀድ። ልጄን ስድር እንኳ ያን ያህል ቶሎ አልፈቀድኩም። ከዚያ ወዲህ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስመላለስ ስለ ራዳር ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ጥቆማው የሚመጣው ከሌላ ሹፌር ነዋ! ቀድሞ ያለፈው ሰው «እዚህ ትራፊክ አለ» ብሎ ካልነካው መተግበሪያው ከየት ያምጣው?

እኛ ደግሞ ለዚህ የሚሆን የራሳችን ዘዴ አለን። ከፊት የሚመጣው ሹፌር መብራቱን ቦግ እልም ያደርጋል፤ አንተም እግርህን ታነሳለህ። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ስምህንም አይጠይቅም።

ከአንድ ሰው በስተቀር። አራት ዓመት ሆነው፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። ከአሰንዳቦ አለፍ ብዬ ቁልቁለቱን ስወርድ ነጭ ሚኒባስ ከፊቴ መጣ። የኋላ መስታወቱ ላይ «ሰው መድኃኒት ነው» የሚል ተለጥፎበታል። ይሄን ያነበብኩት ካለፈኝ በኋላ በስፖኪዮ ነው፤ ገልብጬ። ያን ጠዋት እኔ ለአሥራ አንድ መኪና መብራት አሳይቻለሁ። እሱ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ቦግ ሳያደርግ፣ ዓይኔን እያየ አለፈ። ኩርባው ጋ ራዳሩ ይጠብቀኛል።

«ሹፌር፣ መንጃ ፈቃድ» አለኝ ትራፊኩ።

«ቁልቁለቱ ነው እኮ የነዳኝ» አልኩት።

«ቁልቁለቱን መክሰስ አልችልም» አለና ጻፈልኝ።

ትራፊኩን አልቀየምኩትም፤ ሥራው ነው። ያ ሚኒባስ ግን! እስከ ዛሬ ነጭ ሚኒባስ ባየሁ ቁጥር የኋላ መስታወቱን ሳላነብ አላልፍም።

ባለቤቴ ያኔም ያለችው «ለምን በረርክ?» ብቻ ነው። ቀጥላም የምወደውን ተረት እኔው ላይ ተረተችብኝ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ይሄን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ምን እንዳፈሰሰች አይናገርም። አንድ የጎጃም ወዳጄ ጤፍ ነው ይላል። ጤፍ ከፈሰሰማ ይለቀማል እንዴ? ከነአፈሩ ይጠረጋል እንጂ። ጅማ ላይ ያለቀ ነገር ነው፤ ያፈሰሰችው ቡና ነው። ለዚያውም እሸቱን። በዚህ ጉዳይ ከሰውየው ጋር ስንት ማታ እንደተጨቃጨቅን እኔ ነኝ የማውቀው።

ወደ ራዳሩ። ሌላውም አገር ተጣልቶበታል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 ሹፌሮች ትራፊክ ያለበትን የሚጠቋቆሙበትን ዌዝ የሚባለውን መተግበሪያ ገዛ። በ2014 ማብቂያ ላይ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አዛዥ «ፖሊሶቼ የቆሙበትን እያሳየ ለአደጋ ያጋልጣቸዋል» ብለው ደብዳቤ ጻፉ። በ2019 የኒው ዮርክ ፖሊስ ጠጥተው የሚነዱ የሚፈተሹበት ቦታ ከማፑ ይውጣ አለ። ጀርመን ሹፌር እየነዳ በእንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ እንዳይጠቀም ከልክላለች። ፈረንሳይ ደግሞ ካሜራው እዚህ ጋ ነው ማለት ስለማይቻል መተግበሪያዎቹ «የአደጋ ቀጠና» ይላሉ። የፈረንሳዩ የኛን ሽማግሌ ይመስላል፤ ነገሩን በስሙ አይጠራም፣ ዞር ዞር ብሎ ያስገባሃል።

መንገዱ መዘጋቱን በምን ያውቃል አትሉም? በእኛው ስልክ ነው። ስልኮች ተሰብስበው ቀስ ካሉ መንገዱ ተጨናንቋል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ አርቲስት 99 ስልክ በትንሽ ጋሪ ጭኖ በርሊን ውስጥ ሲጎትት ጭር ያለው መንገድ ማፑ ላይ ቀይ ሆነ። ሐሙስ ገበያ ቀን አንድ አህያ ላይ ጭኜ ጅማ ሂርማታ ገበያ ብለቃት ብዬ አሰብኩ። 99 ስልክ ከየት ይመጣል? ድንኳኑ ውስጥ ነበራ! ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ያዘነ ይመስላል፤ ቴሌግራም ላይ ነው።

እዚህ ድረስ ቀልድ ነው። የሚያናድደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የአሜሪካው መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ መኪናው ላይ ባለ መሣሪያ የደንበኞቹን አነዳድ ሲመዘግብ ቆይቶ ለመረጃ ነጋዴዎች ሲያስተላልፍ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2024 ታወቀ። ፍጥነት፣ ድንገተኛ ፍሬን፣ የሌሊት ጉዞ፣ ሁሉም አለበት። ከነጋዴዎቹ ኢንሹራንሶቹ ጋ ደረሰ፤ ሳያውቀው ክፍያ የተጨመረበት ሹፌር አለ። የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን ከዓመት በኋላ ለ5 ዓመት እንዳያካፍል የሚያግድ ትእዛዝ አመጣበት።

ድንገተኛ ፍሬን! እስቲ ያ መሣሪያ ከሰርቦ ጅማ ከእኔ ጋር ይምጣ። ፍየሏ ዘላ ስትገባ፣ ባጃጁ ያለ ፍሬቻ ሲታጠፍ፣ ምን ላድርግ? ፍሬኑን ያያል፣ ፍየሏን አያይም። ጠጅ ቤቱን ያያል፣ ድንኳኑን አያይም። ይሄንን ነው በኪሎ የሚሸጡት!

እኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ፈቃድ ይጠየቃል። ተጠይቄያለሁ፤ ፈቅጃለሁ። ጣቴን ነበር መክሰስ።

ፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ ይሻሉኛል። በየትኛው ባጃጅ እንደመጣሁ፣ ስንት ሰዓት በሩን እንዳንኳኳሁ ያውቃሉ። ግን ጋቢዬን አይተዋል፤ ለቅሶ እንደሄድኩ ያውቃሉ። የሚያወሩትም ለሦስት ቤት ነው፣ ያውም ቡና እያፈሉ። እሑድ ጠዋት ሁለተኛው ላይ ባለቤቴን «ከድንኳኑ ሲመለስ አየሁት፣ ደክሞታል» አሏት። ዳንኩ።

ሎኬሽኑን አጠፋሁት። ማክሰኞ ግን ወልቂጤ መንገድ አለብኝ፤ ያ ነጭ ሚኒባስም እስከ ዛሬ እንደሚሠራ እጠረጥራለሁ። ስለዚህ መልሼ ላበራው ስከፍት ባለቤቴ በኔ ስም ለጠጅ ቤቱ አንድ ኮከብ ሰጥታዋለች። ከሥሩም ጽፋለች፦ «ንፍሮው ጥሩ ነበር።»